ይምጡ ጋሼ፣ ይምጡ

ሰው ተናግሮ ከሥራው ከሚባረርና ዝም ብሎ ከሰማይ ከሚወድቅ የቱ ይሻላል? ይህችን ጥያቄ ዛሬ ከአልጋዬ ሳልወርድ ጀምሬ እንደሚነቃነቅ ጥርስ በምላሴ ስነካካት አረፈድኩ። መልስ የላትም። ካላትም እኔ ዘንድ አይደለም። ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ መነጽሬን ካገኘሁ ጋዜጣም አነባለሁ፣ ለእንዲህ ያለው ነገር ግን የኔ ትምህርት አልደረሰም።

ጥያቄዋን ያመጣብኝ የልጄ ድምፅ ነው። የኔን ክፍልና ሳሎኑን የሚለየው ስስ የችፑድ ግድግዳ ስለሆነ፣ ሳሎን ውስጥ ያስነጠሰውን ሰው እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ይማርህ እለዋለሁ። ልጄ ስልክ ይዟል። «እሺ ጋሼ። አዎ ጋሼ። ኧረ ምን ሲደረግ! በእርስዎ ፊትማ ቀና ብላ አታይም። እግርዎ ላይ ትወድቃለች ስልዎ።» ስልክ ሰው አያሳይም፤ ልጄ ግን ከዚያ ሰውዬ ጋር ሲያወራ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። የሶፋው ስፕሪንግ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። ፀጉሩ የሸበተ፣ የመጋዘን ኃላፊ የሆነ፣ በሥሩ ሠራተኛ የሚያዝ ሰው ለስልክ ይቆማል። የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ማንን እወቅሳለሁ?

እግር ላይ ትወድቃለች የተባለችው የልጅ ልጄ ናት። ቤት ውስጥ ጡሩምባ ነው የምንላት፤ ስትወለድ የለቀቀችው ጩኸት ከማዋለጃው ክፍል አልፎ ኮሪደር ላይ የነበርነውን ስላስደነበረን። አሁን ረዳት አብራሪ ናት። አውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ በቀኝ በኩል እሷ ትቀመጣለች፤ በግራ በኩል ደግሞ ካፒቴኑ፣ የምራቴ አጎት፣ ልጄ ቆሞ የሚያናግረው ሰውዬ። በኛ ቤት የዚህ ሰው ስም አይጠራም፤ «ካፒቴን» ነው የሚባለው፣ በዓለም ላይ ሌላ ካፒቴን ያልተፈጠረ ይመስል። ልጄን የአየር መንገዱ መጋዘን ያስቀጠረው እሱ ነው። ጡሩምባ የአብራሪነት ትምህርት ቤት ስታመለክትም «የኛ ልጅ ናት» ብሎ ተናግሮላታል። ፈተናውን ያለፈችው ግን በራሷ ነው፤ ይህን የሚያስታውስ ከኔ በቀር ማንም የለም። ውለታ እንዲህ ነው፤ የዋለው ሰው ሲያወራው ያድጋል፣ የተቀበለው ሰው ሲሰማው ያንሳል።

የሆነው ይሄ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ሊያርፉ ነው። መሪውን የያዘው ካፒቴኑ ነው። ወደ መሬት ሲቀርቡ ከሚገባው በላይ ከፍ ብለው፣ ከሚገባውም በላይ ፈጥነው ነበር። ሕጋቸው ቀላል ነው፣ እኔ እንኳ ገብቶኛል። መሬት ሳይቃረቡ ነገሩ ካልተስተካከለ ተመልሶ ወደ ላይ መውጣት፣ ዞሮ እንደገና መምጣት ነው። ነውር የለበትም። መርፌ ቀዳዳ አልገባ ያለን ክር አውጥቶ፣ በምራቅ አርሶ፣ እንደገና እንደመሞከር ያለ ነገር ነው። ጡሩምባ «ፍጥነታችን በዝቷል ካፒቴን» አለች። ዝም። «ካፒቴን፣ አልተስተካከልንም፣ እንዙር» አለች። ዝም። መንደርደሪያው እየመጣ ነው፣ ሰውየው ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ይወርዳል። እንደ ሥራቸው ደንብ መሪ የያዘው ሰው ሁለት ጊዜ ተነግሮት ካልመለሰ፣ ሁለተኛው መሪውን መረከብ አለበት፤ ማዕረግ አይቆጠርም። «እኔ ይዣለሁ» አለችና አውሮፕላኑን ሽቅብ መለሰችው። ዞረው መጡ፣ በሰላም አረፉ። ወንጀሏ እንግዲህ ይሄ ነው።

ማንም አልተቧጨረም። ችግሩም እሱ ነው። አውሮፕላኑ መንደርደሪያውን ጨርሶ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ምስክሩ ብዙ ነበር፤ ያልደረሰ አደጋ ግን ምስክር የለውም። ተሳፋሪው የሚያስታውሰው መዘግየቱን ነው። ጡሩምባ «መሣሪያው ሁሉን ነገር ይቀዳል እማማ» ትለኛለች። ይቅዳ። የተቀዳውን አውጥተው የሚያነቡት በካፒቴኑ ልጆች ሠርግ ላይ የበሉ ሰዎች ናቸው። እሱ ደግሞ ቀድሞ ቢሮ ገብቶ «ልጅቷ ደነገጠች፣ መሪ ነጠቀችኝ» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከበረራ ሰሌዳ አውርደዋት ቤት ተቀምጣለች። ትናንት ደግነቱ መጣበትና «የቤተሰብ ነገር ነው፤ እናንተ ዘንድ ምሳ ልብላና በሁላችሁ ፊት አጥፍቻለሁ ትበለኝ፣ እኔ ደግሞ ቢሮ ገብቼ አለመግባባት ነበር እላለሁ» ብሎ ላከ። ካላለችም እንግዲህ ነገሩ ይቀጥላል፤ የመሪ ነጣቂ መጨረሻው ደግሞ ይታወቃል። ምሳ በልቶ ይቅርታ የሚቀበል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያውም በተበዳይ ወጪ።

ምራቴ ከገበያ ስትመለስ ፊቷ ከል መስሏል። የዶሮው ዋጋ የሚነገር አይደለም፤ ብርቱካኑንም ነጋዴው ከደህናው በላይ የላሸቀውን አብሮ መዝኖባታል። ካፒቴን የሚጠጣው ጋዝ ያለው ውሃ ሰፈር ሱቅ ስለማይገኝ በታክሲ ሄዳ ነው ያመጣችው፤ የታክሲው ከውሃው በለጠ። ምራቴ ስትናደድ የምታወራው ከዕቃ ጋር ነው፤ ድስቱን አስቀመጠች ሳይሆን ወረወረች። ከዚያ ሳሎን ገብታ የሶፋውን ላስቲክ ገፈፈች። ያ ላስቲክ ልጅ ሲመረቅም አልተነሳ፣ ሰው ሲሞትም አልተነሳ። ከቁም ሳጥኑ አፋቸው ወርቃማ ቀለም የተቀባ ብርጭቆዎች ወጡ፤ አንደኛው ጫፉ ተሸርፏል፣ እሱ የኔ ነው፣ ሁሌም የኔ ነው። ልጄ ደግሞ ሸሚዙን ሦስቴ ቀያየረ። ነጩን ለብሶ «የቢሮ ሰው አስመሰለኝ?» ይላታል፣ ሰማያዊውን ለብሶ «አለቃ አስመሰለኝ?» ይላታል። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ቀና ሳትል «ማንንም አላስመሰለህም» አለችው።

እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። እኔ ጎመን በጤና የምል ሰው ነኝ። በረራ ላይ ስትሆን የአየር ጠባይ የሚናገረውን ሰውዬ ቴሌቪዥን ላይ አፈጥበታለሁ፣ ደመና ካለ እሱን ነው የምረግመው። ሥራዋን ካጣች የምትሆነውን አውቃለሁ፤ ይህች ልጅ ከልጅነቷ ጀምራ ሌላ ነገር ልሁን ብላ አታውቅም። ስለዚህ ክፍሏ ገባሁ። የደንብ ልብሷ ከነላስቲኩ ቁም ሳጥኑ እጀታ ላይ ተሰቅሏል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጋዜጣ ዘርግታ፣ የበረራ ጫማዋን ትወለውላለች። የትም የማትሄድበትን ጫማ።

«ጡሩምባዬ፣» አልኳት፣ «በዚህ ዕድሜዬ አታስለምኚኝ። አጥፍቻለሁ በይውና ይገላግለን።»

«አላጠፋሁማ እማማ።»

«ማን አጠፋሽ አለ? በይው ነው ያልኩሽ። ከአንገት በላይ።»

ሳቀች። ብሩሹን አላቆመችም። «ዛሬ አጥፍቻለሁ ካልኩት፣ ሌላ ጊዜ ፍጥነታችን በዝቷል ስለው ምን ብሎ ይሰማኛል?»

«ሌላ ጊዜማ ዝም ነዋ! ምን አገባሽ? እሱ አይደል ካፒቴኑ?»

«ከነተሳፋሪው?»

የአልጋ ልብሷን ማስተካከል ያዝኩ። እሷም አልገፋችኝም፤ ደግ ልጅ ናት። ጫማውን ብርሃን ላይ ከፍ አድርጋ አየችና «እማማ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ አፌን ከከፈትኩ የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይከፈት ወይስ ይዘጋ? አንቺ ምረጪልኝ» አለችኝ። «ይዘጋ!» አልኩ፣ እንኳን ጠየቀችኝ ብዬ። «እማማን ልቅበር በይ፣ ያ ሰውዬ ከዚህ ቤት እስኪወጣ ድረስ ምንም ነገር ቢሆን አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። አባትሽ ይናገርልሻል። አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ቁጭ ነው፣ እንደተጸጸተ ሰው።» ብሩሹን ጋዜጣው ላይ አስቀመጠች። «ልቅበርሽ አልልም፤ ግን እሺ» አለች። «አንቺ ራስሽ ካልፈቀድሽልኝ አልናገርም።» ግንባሯን ስሜ ወጣሁ። ልጅቷን ያዳንኳት መስሎኝ ነበር፣ እኔ ሞኟ።

ካፒቴኑ ከተባለው ሰዓት ዘግይቶ መጣ። የሚዘገይ ሰው አይደለም ይላሉ፤ ለአውሮፕላን ይሆናል። መኪናው ጥቁር፣ ረጅም፣ የታጠበ ነው። ግቢያችን ደግሞ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል የልብስ መስጫው ገመድ፣ በሌላ በኩል በብረት ማማ ላይ የተቀመጠው የውሃ ታንከር። ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ስለሆነ ያ ታንከር የኛ ነፍስ ነው፤ ትናንት ማታ ውሃ መጥቶ አፉ ድረስ ሞልቶ ነበር። ሰውየው መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ መግባት ይችላል። አይሆንም፤ መንገድ ላይ ይቧጨርበታል። አፍንጫውን አስገብቶ ማቆም ይችላል። እሱም አይሆንም፤ «እኔ መውጫዬን ሳላይ አልቀመጥም» ይላል፤ ሙያው ነው፣ ጥንቃቄው ነው፣ ጉራው ነው። በኋላ ማርሽ ሊገባ ተነሳ። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ውስጥ ሙዚቃ አለ፣ ሰውየው ጥቁር መነጽሩን አላወለቀም።

ልጄ ሮጦ ከኋላ ቆመ። «ይምጡ ጋሼ፣ ይምጡ፣ ይምጡ» ይላል፣ በሁለት እጁ እየጠራ፣ ከልጆቹ ጋር እንኳ እንዲያ ፈገግ ብሎ አያውቅም። መኪናው መጣ። «ይምጡ፣ ይምጡ።» መጣ። ሁላችንም አየነው፤ ኋላው ወደ ታንከሩ ማማ ነው የሚያመራው። ማንኛውም መንገድ ላይ ያለ መኪና አስጠጊ «ቁም!» ይላል፣ በመዳፉም የመኪናውን ጀርባ ደብደብ ያደርጋል። ልጄ ግን ለጋሼ እንዴት ቁም ይበል? «ጋሼ… ትንሽዬ… ቅር ካላለዎት ወደ ቀኝ… አይ፣ ይምጡ… ማለቴ…» መዳፉን አነሳ። ሊመታው ነው ስል፣ እጁ ከመኪናው በላይ አየር ላይ ቀረ። የካፒቴን መኪና አይመታም። ምራቴ ማማሰያውን አፏ ላይ ይዛ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ጡሩምባ በረንዳው ላይ ከጎኔ ነበረች። አፏ ተከፈተ፤ የተሳበውን ትንፋሿን ሰምቼዋለሁ። ወደ እኔ ዞረች፣ አየችኝ፣ ከንፈሯን ገጥማ ዘጋችው። እኔስ? እኔም አፍ ነበረኝ። ለሰውየው ስሰጋ አልነበረም፣ ለታንከሩም አልነበረም፤ ጮኼ ሰውየው ቢቆጣ ይቅርታው ይበላሻል ብዬ ነበር የማሰላው። በስሌት ላይ እንዳለሁ ብረቱ ጮኸ።

የማማው እግር እንደ ሽቦ ታጠፈ። ታንከሩ ለጥቂት ጊዜ እንደሰከረ ሰው ተንገዳገደና ወርዶ ተሰነጠቀ። የሰፈሩ ፈረቃ ተመልሶ እስኪደርሰን የምንጠጣው፣ የምንታጠበው፣ የምናበስልበት ውሃ በግቢያችን ላይ ሄደ፤ የልጄን ሱሪ እስከ ጉልበቱ አጥቦ፣ በበሩ ሥር አድርጎ ወደ መንገድ ወጣ። ካፒቴኑ ሙዚቃውን ዘጋ፣ በሩን ከፈተ፣ ውሃውን አይቶ እግሩን መለሰና ከተቀመጠበት ሆኖ ጮኸ። «ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? አፍ የላችሁም? ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ አንድ ሰው ቁም ማለት ያቅተዋል?» ወደ ልጄ ዞሮ ደግሞ «አንተስ! ኋላ የቆምከው ለጌጥ ነው?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ልጄ፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ። «ታንከሩም ድሮውንም ቦታው ልክ አልነበረም።»

«ልክ አልነበረም» አለች ምራቴም።

ታንከሩ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ እዚያው ነው። ከታንከሩ በቀር ሁሉም ሰው ይቅርታ ጠየቀ። ልጄ እዚያው ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ጀርባ በእጅጌው ሲወለውል አየሁ፤ የተቧጨረች ቀለም በሸሚዝ የምትለቅ ይመስል። ጡሩምባ ከበረንዳው አልተነቃነቀችም። አላየኋትም፤ ዓይኗን ማየት አልፈለግኩም። ካፒቴኑ እንዲያልፍ ምራቴ ሁለት ጡብ አምጥታ ውሃው ላይ መረገጫ ሠራችለት። ጫማውን ውሃ ሳይነካው ገባ።

ለእጅ መታጠቢያ ውሃ ስላልነበር ያንን በታክሲ የመጣውን ጋዝ ያለውን ውሃ ነው ያፈሰስንለት። እጁ ላይ ሲፈላ አየ፤ ታላቅ ሰው እጁ ላይ ውሃ ሲፈላ አይገርመውም። የጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጠ። ከዶሮው ሁለቱንም እግር አነሳ። አብራሪው እግሩን በላ፣ ክንፉ ለእኛ ቀረ። ያወራል። ስለ ማዕበሉ ያወራል፣ ያንን ማዕበል ደጋግመን ሰምተነዋል፣ በየዓመቱ ይጠነክራል። ልጄ ቀልዱ ሳይመጣ ይስቃል፤ ምራቴ ልጄ ሲስቅ አይታ ትስቃለች። «አውሮፕላን የሚበረው በአንድ ራስ ነው» አለ ካፒቴኑ፣ አጥንቱን እየጋጠ። «ሁለት ራስ ያለው ፍጡር ምን ይባላል? ጭራቅ!» ሳቁ። «በኛ ጊዜ ረዳት አብራሪ ማለት ሻንጣ ያዥ ማለት ነበር። ልናገር ወይ ብሎ አስፈቅዶ ነው የሚናገር። የዛሬ ልጆች ግን መጽሐፍ አንብበው ይመጡና…» እጁን በአየር ላይ በተነው። ከዚያ ስለ መኪናው አነሳ። የኋላ መብራቱ ሽፋን ከውጭ ነው የሚመጣው፣ «የዋጋውን ነገር ብነግርህ ምሳህን አትጨርስም» አለው ልጄን። ስለ ታንከሩ አልጠየቀም። ውጭ ገና ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል፤ ቤት ውስጥ ማንም እንዳልሰማ ሆኖ ያላምጣል።

እኔ የተሸረፈ ብርጭቆዬን ይዤ ሰውየውን ሳየው ነበር። በፊት እፈራው ነበር፤ አልዋሽም፣ አከብረው ነበር። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቤተሰብ ፎቶ ውስጥ መሃል ላይ የቆመው እሱ ነው፣ የራሳችን ሙት እንኳ ጥግ ይዟል። አሁን ሳየው ግን የሚታየኝ ለዓመታት «ቁም» ያለው ሰው የሌለ፣ ከዚያም የተነሳ መኪና እንኳ መንዳት የረሳ አንድ ሽማግሌ ነበር። እንዲህ ያደረግነውም እኛ ነን፣ ይምጡ ይምጡ እያልን። ይሄ ሰውዬ ሰማይ ላይ ሆኖ የሰው ነፍስ ይዞ ሲሄድ፣ ከጎኑ የተቀመጠው ሁሉ እንደ ልጄ መዳፉን አየር ላይ አንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው?

ብርቱካኑ ሲቀርብ ልጄ ተነሳ። ጫማው ስለራሰ አውልቆ በካልሲው ነው የቆመው። «ጋሼ» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንግዲህ ልጅ ልጅ ናት። ደንግጣ ነው። ተጸጽታለች፣ እኔም እንደ አባት…» ካፒቴኑ እጁን አነሳ፣ መኪና እንደሚያስቆም ትራፊክ። ሌላውን ሰው ማስቆም ማወቁ ደነቀኝ።

«አንተ አይደለህም መሪውን የነጠቅከኝ። ከራሷ አፍ ልስማ።»

ምራቴ የብርቱካኑ ልጣጭ ላይ ቢላዋዋን አቁማለች። ልጄ ሴት ልጁን በዓይኑ ይለምናታል፣ አፉም ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል፤ በይው፣ በይው ይላል። ጡሩምባ ግን አባቷን አላየችም፣ ካፒቴኑንም አላየችም። እኔን አየች። እንደ ተስማማነው አፏን ዘግታ እየጠበቀችኝ ነው። ሁሉም ዓይኗን ተከትለው ወደ እኔ ዞሩ፣ ካፒቴኑም ጭምር፤ እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ መኖሬን ያወቀው ያኔ መሰለኝ። «እናቴ፣ ምን ሆናለች ይህች ልጅ? ደግሞ ድዳ ሆነች?» አለኝ፣ እየሳቀ።

የጠዋቷ ጥያቄዬ ተመልሳ መጣች። አሁንም መልስ አልነበራትም። ዝም ብትል፣ ወይም እንዲያው በልመናዬ ያችን ቃል ብትልለት፣ ነገ ልብሷን ከላስቲኩ ታወጣለች፣ ደመወዟም ይመጣል፣ እኔም ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብዬ የአየር ጠባይ ተናጋሪውን እረግማለሁ። ግን የልጄ እጅ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ያቺ መዳፍ። ትንሽ ሳለች ይዣት መንገድ ያሻገርኳት፣ ዛሬ ብረት ሊሰባበር ሲል አየር ላይ የቀረች። ጡሩምባም አንድ ቀን እንዲያ እጇን አንስታ፣ ከመሬት በላይ፣ ከነተሳፋሪው… አልጨረስኩትም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይጨረስም። ጀግንነት አልነበረም፤ ከሁለት ፍርሃት ትልቁን ፈራሁ እንጂ።

«ፈቅጄልሻለሁ» አልኳት።

«እማዬ!» አለ ልጄ።

ጡሩምባ ሹካዋን ሳህኗ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ያን ስም ያወጣንላት ሰዎች ሰምተናት በስሙ አፈርን። ሥራ ላይ እንዲህ ነው የምትናገረው መሰለኝ፤ ዝግ ብላ፣ አጥርታ፣ ቃል ሳትበላ።

«ቅድም ግቢ ውስጥ፣ አንድ ሰው ቁም ማለት ያቅተዋል ወይ አሉን ካፒቴን። እኔ ያን ቀን ብዬዎት ነበር። ሁለት ጊዜ።»

ከዚያ በላይ አልጨመረችም። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ጠረጴዛ መምታት፣ መማል፣ የውለታውን ዝርዝር ከመጋዘኑ ጀምሮ ማውጣት። ካፒቴኑ ግን ወደ ልጄ ዞረ፣ አንድ ነገር እንዲልለት። ልጄ ይቅርታ ጠይቆ የማያልቅበት ሰው፣ ዛሬ ለዚህ የሚሆን ይቅርታ አጣ፤ ጎንበስ ብሎ ካልሲውን ያያል። ሰውየው ወደ ምራቴ ዞረ፣ የወንድሙ ልጅ ናት፤ እሷ ብርቱካኑን መላጥ ቀጠለች፣ ልጣጩ ሳይበጠስ እስከ መጨረሻ ድረስ። ወደ እኔ ግን አልዞረም።

ነገ የሚሆነውን አላውቅም። ጡሩምባ ሥራ ፈት ሆና፣ ልጄም ከመጋዘኑ ተነስቶ፣ ያ ሶፋ ላስቲኩ እንደተገፈፈ ገበያ ይወጣ ይሆናል። ይህን ሁሉ እያሰብኩ እጄን በጠረጴዛው ሥር አሾልኬ የልጅቷን ጉልበት ያዝኩ። እሷም እጇን አውርዳ እጄ ላይ ደረበችው።

ካፒቴኑ ጣቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረገ። መነጽሩን አደረገ። የመኪናውን ቁልፍ ከብርጭቆው አጠገብ አነሳና ተነሳ፤ አመሰግናለሁ የለ፣ ደህና ዋሉ የለ፣ ነገ ታያላችሁ እንኳ የለ። ጡቦቹን ረስቶ ውሃው ውስጥ በቀጥታ ረገጠ። ሞተሩ ሲነሳ ምራቴ ልጄን «ሂድ እንጂ፣ በሩ ጠባብ ነው፣ አስወጣው!» አለችው። ልጄ ብድግ አለ። ጫማውን ስላወለቀ ይሁን ወይም በሌላ ምክንያት አላውቅም፣ እዚያው ቆሞ ቀረ። ሁላችንም ጆሯችንን ወደ በሩ ምሰሶ ጣልን። ይምጡ የሚለው ሰው አልነበረም፤ መኪናው ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ወጣ።